የሐንዌሉ ሳጥን

ለንደን ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ቢግ ቤንን አየህ? ቤተ መንግሥቱን አየህ? ወንዙን በጀልባ ተሻገርክ? እኔ ባለፈው ጥር ልጄ ዘንድ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት ግን ሐንዌል የሚባል ሰፈር ነው። የከተማዋ ምዕራባዊ ዳር ላይ ነው፤ አገር ጎብኚ አይሄድበትም። አብሮኝ የነበረው የ17 ዓመቱ የልጅ ልጄ ሲሆን፣ ለጉዞው ምክንያት የሆነውም እሱና ጊታሩ ናቸው።

ከመሀል ከተማ በኤልዛቤት መስመር ባቡር ኢሊንግ ብሮድዌይ ድረስ ይኬዳል። ከዚያ 207 ቁጥር አውቶቡስ አክስብሪጅ ሮድ የተባለውን ረጅም ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። ጎዳናው ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ፀጉር ቤት፣ አትክልት ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ የስልክ ጥገና፣ በር ላይ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች። ብርዱን ብቻ ቢቀንሱለት መርካቶ ዳር ያለሁ ሊመስለኝ ምንም አልቀረውም። 76 ቁጥር የሚለው ቤት ጋ ስንደርስ ቆምን። ትንሽ ሱቅ ነው። ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ባይለጠፍ ኖሮ ማንም ቀና ብሎ አያየውም ነበር።

ጂም ማርሻል የተባለ ሰው ይህን ሱቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ከፈተ። በልጅነቱ የአጥንት ቲቢ ይዞት ብዙ ዓመት በጄሶ ታስሮ ያሳለፈ፣ በኋላ ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የሆነ ሰው ነው። የሸጠውም ከበሮ ነበር። ታዲያ ከበሮ ሊገዙ የሚመጡት ወጣቶች የባንድ ጓደኞቻቸውን፣ ጊታር ተጫዋቾቹን፣ አስከትለው ይመጡ ጀመር። እነዚያም መሀል ከተማ ያሉት ሱቆች እንደሚንቋቸው፣ የሚፈልጉትን ጉልበት ያለው ድምፅ የሚሠራላቸው ሰው እንዳጡ ነገሩት። በ1962 የሱቁ ጥገና ሠራተኛ ኬን ብራን ደድሊ ክሬቨን ከሚባል ወጣት ጋር ሆኖ፣ ፌንደር ቤዝማን የተባለውን የአሜሪካ አምፕሊፋየር መነሻ አድርጎ የራሳቸውን ሠሩ። ስሙን ጄ ቲ ኤም 45 አሉት፤ ጂምና ቴሪ ማርሻል ማለት ነው። ቴሪ የጂም ልጅ ነው፤ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። አባት ከልጁ ጋር ስሙን በአንድ ዕቃ ላይ ማተሙን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ የወደድኩት እሱን ነው።

አምፕሊፋየር ብቻውን ግን ድምፅ የለውም፤ ስፒከር ይፈልጋል። የዚያን ዘመን ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አቅማቸው ትንሽ ነበርና በዚያ ጉልበት ሲነዱ ይቃጠላሉ። መፍትሔው ሴለስቺየን ከተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ አራት ስፒከር አምጥቶ፣ ከኋላው በተዘጋ አንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ማጨቅ ሆነ። እነሆ ዛሬ በየመድረኩ ከጊታር ተጫዋቹ ጀርባ ተገትሮ የምናየው ጥቁር ሳጥን። የላይኛው ግማሹ ወደ ኋላ ያዘመመ አለ፤ ብዙ ሰው በዚያ ውስጥ ትልቅ የድምፅ ሳይንስ ይፈልጋል። ጂም ራሱ ግን ምክንያቱ አምፕሊፋየሩ ከላይ ሲቀመጥበት እንዲያምር ነው ብሏል። ዘ ሁ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሰንድ ደግሞ ስምንት ስፒከር በአንድ ሳጥን ይሠራልኝ አለ። ተሠራለት። የባንዱ ዕቃ ተሸካሚዎች ከክብደቱ የተነሣ አመረሩ። በመጨረሻ ሁለት ባለ አራት ሳጥኖች እላይ በላይ ተደረቡ፤ ያ አቀማመጥ እስካሁን አለ።

የልጅ ልጄ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቃል። ሰሌዳው ሥር ቆሞ «አባባ፣ ከዚህ ነው የጀመረው» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደቆመ ሰው። ነገር ግን ያንን ሳጥን በሕይወቱ አንድም ቀን አጠገቡ ቆሞ ሰምቶት አያውቅም።

እንዴት ቢሉ፣ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ ውስጥ ነው። ከሥራቸው ያለችው ጎረቤት ሌሊት የምትሠራ ነርስ ነች፤ ቀን ትተኛለች። ከሁለት ዓመት በፊት በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት በራቸው ሥር አስገባች። ልጁ ትንሿን አምፕሊፋየሩን ሸጦ ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚጫወተው በሄድፎን ነው። እናቱ የምትሰማው የክሩን ጭረት ብቻ ነው፤ ጥ-ጥ-ጥ፣ ግድግዳ እንደሚቧጥጥ አይጥ።

ኮምፒውተሩ አምፕሊፋየሩን አስመስሎ ይሠራል። የስፒከሩን ሳጥን የሚተካው ግን ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ ልጆቹ አሳጥረው አይ አር ይሉታል። የእኔው ልጅ 1,140 እንዲህ ያለ ፋይል ሰብስቧል። አንዳንዱ በነፃ የተገኘ፣ አንዳንዱ ከኪስ ገንዘቡ የተገዛ ነው። ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ሁለት ቅጂ ማስገባት ነበረበት፤ ቀነ ገደቡ ዓርብ እኩለ ቀን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱን ከፍቶ ሌላውን ሲዘጋ ሰነበተ። ልጄ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ በስልክ፣ «አባዬ፣ ጊታሩን ትቶ ፋይል መክፈትና መዝጋት ሆኗል ሥራው። አሁን ደግሞ ሌላ ልግዛ፣ 15 ፓውንድ ስጪኝ ይለኛል። አልሰጥም ብዬው ሁለት ቀን አላናገረኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ 31 ዓመት በሬዲዮ የድምፅ ክፍል ማይክ ስተክል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለሽምግልና የተመረጥኩት በዚህ ሙያዬ ይሁን በሽበቴ አልጠየቅኩም።

ከሱቁ ተመልሰን አውቶቡስ ይዘን ጥቂት ፌርማታ ወደ ምዕራብ ሄድን። እዚያ የብሬንት ወንዝን ሸለቆ የሚሻገር ዎርንክሊፍ የሚባል የባቡር ድልድይ አለ። ብሩኔል የተባለው ዝነኛ መሐንዲስ የሠራው ሲሆን በ1838 ለባቡር ተከፍቷል። ስምንት የጡብ ቅስቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 21 ሜትር ያህል ይዘረጋሉ። የመጣንበት የኤልዛቤት መስመር ባቡር ራሱ ዛሬም በላዩ ያልፋል። ሥሩ ያለው መስክ ላይ ቆመን «አጨብጭብ» አልኩት። አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጧ! ከቅስቱ ሆድ ተመልሶ መጣ፤ ወፈር ብሎ፣ ዘግየት ብሎ፣ ጫፉ ተሟሽሾ።

ወጣ ብለን ሜዳው መሀል ደግሞ አስጨበጨብኩት። ደረቅ ጭብጨባ፤ ምንም የመለሰ የለም። እጁ ያው እጅ ነው፣ ልዩነቱ ቦታው ነው። ያቺ ጭብጨባ ኢምፐልስ ትባላለች፤ ቅስቱ የመለሰልን ሪስፖንስ ነው። የእኛ አባቶች የገደል ማሚቶ ያሉትን ነገር መሐንዲሶች በፋይል አስቀመጡት ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ የዚያ ድልድይ ምሰሶዎች ውስጣቸው ክፍት ነውና የሌሊት ወፎች ይኖሩባቸዋል፤ ከሰው ሁሉ ቀድመው በገደል ማሚቶ መንገድ የሚለኩ ፍጥረቶች እዚያ መኖራቸው ልጁን በጣም አሳቀው። እሱም በተራው ስለ ስኮትላንድ ነገረኝ። እዚያ ኢንቺንዳውን በሚባል ቦታ በጦርነቱ ጊዜ ተራራ ውስጥ የተቆፈሩ የነዳጅ ጋኖች አሉ። ትሬቨር ኮክስ የተባሉ የድምፅ ምሁር ገብተው ባዶ ጥይት ተኩሰው ቢለኩ፣ በወፍራሙ በ125 ኸርዝ ድምፁ እስኪሞት 112 ሰከንድ ፈጀ። በ2014 በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። እኔም ግቢያችን ያለው ውኃ ያልሞላ ሮቶ ውስጥ አፌን አስገብቼ ስጮህ የሚሰጠኝን መልስ ነገርኩት። ሮቶ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ከጋኑ በላይ ጊዜ ወሰደ።

ለጊታር ሳጥን ጭብጨባ አይመችም። ባለሙያዎቹ ከወፍራሙ 20 ኸርዝ ተነሥቶ እስከ ቀጭኑ 20 ሺህ ኸርዝ የሚወጣ፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ በሳጥኑ ያወጣሉ። ፊት ለፊቱ በተተከለ ማይክ ይቀዱታል። ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን አመሳክሮ፣ ሳጥኑ በድምፁ ላይ ያደረገውን ለይቶ ያስቀምጣል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ የማትሞላ ፋይል ናት፤ እንደ ማኅተም ናት። ልጁ ክሩን በመታ ቁጥር ድምፁ በዚያ ማኅተም ይመታል፣ የሳጥኑን መልክ ይይዛል።

ልብ በሉ፤ በማኅተሙ ውስጥ ያለው ሳጥኑ ብቻ አይደለም። ስፒከሩ፣ እንጨቱ፣ ማይኩ፣ ማይኩ የቆመበት ቦታ፣ ትንሽም ክፍሉ አሉበት። የሌለውም አለ። ስፒከር በጣም ሲነዳ ወረቀቱ እየተጣጠፈ የሚያወጣው ጩኸት፣ ቀስ ሲሉት ለስልሶ ሲጠነክሩበት የሚቆጣው ጠባዩ እዚያ ውስጥ የለም። ፎቶግራፍ ነው። አያትን በፎቶ ማወቅና ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ማወቅ አንድ አይደለም ብዬ ስነግረው ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገባው። ያላየውን ሰው 1,140 ፎቶ ዘርግቶ ከመካከላቸው የትኛው ይመስላል እያለ ነበር።

ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባንዶች የሚለማመዱበት ክፍል ተከራየን። ለሁለት ሰዓት 24 ፓውንድ ከፈልኩ። ልጄ «15 ፓውንድ ከልክዬ 24 አወጣህ» ብላ ወቅሳኛለች፤ ልክ ነች፣ ሒሳቡ ያው ነው። ውስጡ ያ ጥቁር ባለ አራት ስፒከር ሳጥን ነበረ። መጀመሪያ ያደረግነው የጆሮ መድፈኛ መግዛት ነው። ወላጆች ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ይህ ሳጥን አጠገቡ ለቆመ ሰው ከ110 ሊያልፍ ይችላል። ሄድፎንም ቢሆን ከፍ ተደርጎ ለረጅም ሰዓት ሲያዝ ያው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ቢበዛ በ75 ዴሲቤል ነው።

ልጁ አንድ ኮርድ መታ። ሱሪው ተርገበገበ። ወደ እኔ ዞሮ የተናገረው «አባባ፣ በሆዴ ሰማሁት» የሚል ነበር። አማርኛው ሲደነግጥ ይስተካከላል።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ክፍሉ ውስጥ ኤስ ኤም 57 የተባለ ማይክ ነበረ። ሹር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1965 ያወጣው ነው፤ እኔም በእጄ ብዙ ዓመት የያዝኩት ርካሽና ጠንካራ ዕቃ። ምስማር ቢመቱበት የሚችል ይመስለኛል። በስልኩ መብራት በሳጥኑ ጨርቅ አሳልፈን አንዱን ስፒከር ፈለግን። ስፒከር ማለት ወደ ውስጥ የሾጠጠ ወረቀት ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ትንሽ ስኒ የተደፋ ቆብ አለ። ልጁ አንድ አራት ምት ያላትን ዜማ ደጋግሞ እንዲጫወት አዘዝኩት፤ ያቺኑ ብቻ፣ ሳይቀይር። እኔ ማይኩን አንቀሳቅሳለሁ፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳል።

መጀመሪያ ቀጥታ ቆቡ መሀል አነጣጠርኩ። ቀጭን፣ ስለታም፣ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ ወጣ። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን አመጣሁት፤ ቆቡ ከወረቀቱ የሚጋጠምበት ጠርዝ ላይ ሆነ። ስለቱ ቀነሰ፣ ሥጋ ገባበት። ሌላ ሁለት ጣት ወደ ወረቀቱ ዳርቻ ስወስደው ደግሞ ደበዘዘ፤ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሰው ድምፅ። በአንድ ስፒከር ላይ፣ ከእጄ መዳፍ በማይበልጥ ቦታ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጊታሮች ነበሩ ማለት ነው። ማይኩን ባለበት ትቶ አፉን 45 ዲግሪ ያህል ማዘንበልም ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ርቀት። ጨርቁን ሊነካ ሲል ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል። ይህ እንደ 57 ያሉ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ለይተው የሚሰሙ ማይኮች ሁሉ ጠባይ ነው፤ ዜና አንባቢ ማይኩን አፉ ላይ ሲያስጠጋ ድምፁ የሚጎረንነው ለዚህ ነው። አንድ ስንዝር ሲርቅ ውፍረቱ ይቀንስና ሳጥኑ በሙሉ መሰማት ይጀምራል። ሁለት እርምጃ ሲርቅ ክፍሉ ራሱ ይገባል፤ ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ በሩ።

ሁለተኛ ማይክ ጨምረን ከአንዱ ጋር ስናቀላቅለው ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ሆነ። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ድምፅ በአንድ ሺኛ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ማይክ በዚያ ያህል ወደ ኋላ ከሆነ ያው ድምፅ ዘግይቶ ይደርስበታል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በ500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና። ከ500 በላይም እየዘለለ ይቦረቡረዋል። ኮምፒውተር ላይ ሁለት አይ አር ደርቦ «ለምን ቀጠነብኝ?» የሚል ልጅ ካላችሁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

እኔ በሠራሁበት ዘመን ማይክ በሽበሽ አልነበረም። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አምስት ተቀባይ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ማይክ ይቀዳል። የድምፅ ማስተካከያችን ቁልፍ ሳይሆን እግር ነበር። ዋሽንቱ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ከበሮው እበሩ ጋ፣ ድምፀ ጎርናናው ሰውዬ ከተቀባዮቹ ኋላ። አንዴ ከተቀዳ ማረሚያ የለውም። ልጁ ይህን ስነግረው ዓይኑን አፍጥጦ «ታዲያ አንቱ ካልወደድከውስ?» አለኝ፤ አንቱና አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲደባለቁበት ደስ ይለኛል። ካልወደድነው ደግመን እንጫወታለን አልኩት። ለነገሩ ብዙውን ጊዜ ደግመን የምንጫወተው ማይኩ ስለማይመች ሳይሆን ዘፈኑ ስላልበሰለ ነበር።

ቤት ስንመለስ ፋይሎቹን ከፈተ። እስካሁን ስማቸውን እንደ ሚስጥር ቁጥር ዘሎ የሚያልፈው፣ አሁን ያነበው ጀመር። «57፣ የቆብ ጠርዝ፣ 1 ኢንች።» «57፣ ወረቀት፣ 45 ዲግሪ።» «121፣ ቆብ፣ 6 ኢንች።» 121 ሮየር የሚባለው ኩባንያ በ1998 ያወጣው ሪበን ማይክ ነው፤ በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራ፣ ጠባዩም ለስላሳ። እያንዳንዱ የፋይል ስም አድራሻ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ማይክ የተከለበት ቦታ። ቀትር ላይ በእጃችን የነካነውን ቦታ ስሙን አይቶ ሳይከፍተው ድምፁን ይገምት ጀመር። ከአሥር ሰባቱን አገኘው።

ከዚያ ማባረር ሆነ። የሚጫወታቸው ሁለቱም ዘፈኖች የሚፈልጉት አሮጌውን የእንግሊዝ ድምፅ ስለሆነ፣ ከኋላው የተዘጋ ባለ አራት ሳጥን ያልሆነው በሙሉ ወጣ። ስፒከሩ ግሪንባክ የሚሉት ያልሆነውም ወጣ፤ ሴለስቺየን በስድሳዎቹ ያወጣው፣ ማግኔቱ ላይ አረንጓዴ ክዳን ስላለው እንዲህ የተባለ ነው። 22 ፋይል ቀረ። አንድ ሌላ ጉድም አገኘን፦ አምፕሊፋየሩን የሚያስመስለው ፕሮግራም የራሱ ሳጥን ነበረው፤ አልተዘጋም። ሳጥን በሳጥን ላይ ደርቦ ነበር ሦስት ሳምንት የሰማው። ዘጋነው፤ አየር ገባ።

ከ22ቱ መምረጡ ላይ እኔ ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛው፣ ሁሉም በእኩል ጩኸት እንዲሆኑ እንዲያስተካክል ነው። ጆሮ ተታላይ ነው፤ ትንሽ የጎላውን ሁሉ የተሻለ ይለዋል። ሁለተኛው፣ ጊታሩን ብቻውን ሳይሆን ከቤዙና ከከበሮው ጋር እንዲሰማ። ብቻውን ሲሰማ የሚያምረው ወፍራም ድምፅ ከቤዙ ጋር ሲገባ ይጣላል፤ ብቻውን ቀጭን የመሰለው ደግሞ ቦታውን ያገኛል። እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ ሁሉም ሰው ጎርናና ሆኖ አይዘፈንም። እንዲህ ሲሰማው ልጁ የወደዳቸው አሥሩ ወደቁ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ በቀረው ላይ ቆረጠ፤ ጊታር እዚያ ታች ብዙም ሥራ የለውም።

ሦስት ሲቀሩ ሄድፎኑን አስወለቅኩት። ወጥ ቤት ያለችውን ትንሽ ሬዲዮ የምታክል ስፒከር ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘን፤ ነርሷን በማይረብሽ መጠን። እናቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ልጁ ሦስቱን በየተራ አጫወተ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራት። ሁለተኛው ላይ ቢላዋው ቆመ። «ይሄን መልሰው» አለች። መለሰው። «ይህን ነው እስከዛሬ በሩን ዘግተህ የምትጫወተው?» ሁለት ዓመት ሙሉ የልጇን ጊታር ያለ ሄድፎን አልሰማችም ነበር። ሁለተኛው 57፣ የቆብ ጠርዝ፣ 1 ኢንች ሆኖ ተገኘ። እኔ ሦስተኛውን ነበር የመረጥኩት፤ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀዳውን፣ ክፍሉ የሚሰማበትን። ድምፅ ሰጡ፤ ተሸነፍኩ። አሁንም የእኔው የተሻለ ይመስለኛል።

ጊታር የሚጫወት ልጅ ላላቸው ወላጆችና አያቶች የምለው አለኝ። ልጁ «አንድ ጥቅል ልግዛ» ሲላችሁ እንቢ ለማለትም እሺ ለማለትም አትቸኩሉ። ዋጋው ብዙ አይደለም፣ በነፃም የሚገኝ ሞልቷል። ችግሩ ብዛቱ ነው። አንድ ጥቅል ውስጥ ያለው አንድ ሳጥን ከነማይክ አቀማመጡ ለዓመት ይበቃል፤ በደንብ ከተሰማ። ይልቅ «ማይኩ የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካወቀ ገንዘባችሁ የት እንደገባ ታውቃላችሁ። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛው ሳጥን ያለበት ክፍል አስገቡት፤ የጆሮ መድፈኛውን ሳትረሱ። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ የምሽት ቤት ባንዶች ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ በትሕትና ለጠየቀ ልጅ በር የሚዘጉ አይመስለኝም።

ልጁ ሁለቱን ዘፈኖች ረቡዕና ሐሙስ ተጫወተ። የመጀመሪያውን በዘጠነኛው ሙከራ፣ ሁለተኛውን በአሥራ አራተኛው። በእነዚህ ሁለት ቀናት አንድም ፋይል አልለወጠም፤ የሚሳሳተው ጣቱ እንጂ ሳጥኑ እንዳልሆነ ስለተሰማው ይሁን፣ ሰዓቱ ስላለቀ አላውቅም። ሐሙስ ማታ ላከው። መልሱ የሚመጣው ከፋሲካ በፊት ነው። 1,118ቱን ፋይሎች አጥፋቸው አላልኩትም፤ እሱም አላጠፋቸውም፣ ወደ ሌላ ማኅደር ወሰዳቸው።

እናቱ አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሥራ ስትገባ የወጥ ቤቷን ስፒከር እንዲከፍት ትፈቅድለታለች። ያን ሁለተኛውን ድምፅ ከዘፈኑ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ሲቀይረው ትቆጣለች።

ከእኔ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ግቢ ያለው ሮቶ ውኃው ሲያልቅ ፊኛ ነፍቼ አስገብቼ እንዳፈነዳና ድምፁን በስልኬ ቀድቼ እንድልክለት። ጊታሩን በሮቶው ውስጥ አድርጎ ሊጫወተው ነው። ስልኩን ሮቶው ውስጥ አላስገባም፣ አፉ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ ብዬዋለሁ። እሱ ግን ሁለቱንም ቦታ ላክ ይላል። ፊኛውን ገዝቻለሁ፤ ውኃው እስኪያልቅ እየጠበቅኩ ነው።